አልካይኒል ዚንክ

አልካይኒል ዚንክ የዚንክ አቶም ከአልካይን ጫፍ ካርቦን ጋር በቀጥታ የተሳሰረበት የኦርጋኖሜታል ውህድ ዓይነት ነው። አልካይን ማለት ሁለት ካርቦኖች በሦስት እጥፍ ትስስር የተያያዙበት ውህድ ሲሆን፣ ከሁሉም አነስተኛው በብየዳ ቤቶች የሚታወቀው አሲቲሊን ነው። አልካይኒል ዚንክ አብዛኛውን ጊዜ በጠርሙስ ታሽጎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። በኬሚካላዊ ለውጥ መካከል ተፈጥሮ ወዲያው ሥራ ላይ የሚውል መሸጋገሪያ ነው። ዋና ጥቅሙም ሲሊኮን ያዘሉ አልካይኖችን ለማዘጋጀትና የአልካይንን ቁራጭ ከሌላ የካርቦን ሞለኪውል ጋር ለማያያዝ ነው።

የዚህ ኬሚስትሪ ከሁሉም የታወቀ ተግባራዊ ምሳሌ ኤፋቪሬንዝ የተባለው ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ነው። ኤፋቪሬንዝ በኢትዮጵያ ለዓመታት የመጀመሪያ መስመር ሕክምና አካል ሆኖ አገልግሏል። በሥርጭቱ ከፍተኛነት ከአገሪቱ ቀዳሚ በሆነው በጋምቤላ ክልል የነበረው ድርሻም ትልቅ ነው።

የአልካይን ባሕርይ

በአልካይን ውስጥ ያሉት ሁለት ካርቦኖች በሦስት ጥንድ ኤሌክትሮኖች ስለሚያያዙ እርስ በርስ በጣም ይቀራረባሉ። ርቀታቸው 0.12 ናኖሜትር ያህል ሲሆን፣ በነጠላ ትስስር የተያያዙ ካርቦኖች ርቀት 0.154 ናኖሜትር ነው። ሞለኪውሉም በዚህ ቦታ እንደ ዘንግ ቀጥ ያለ ነው።

ሦስት እጥፍ ትስስሩ በሞለኪውሉ ጫፍ ላይ ሲገኝ አልካይኑ ተርሚናል አልካይን ይባላል። በጫፉ ላይ ያለው ሃይድሮጅን ከአብዛኞቹ ሌሎች ሃይድሮካርቦኖች ሃይድሮጅን ይበልጥ አሲዳማ ነው። የአሲድነት መለኪያው ቁጥር ለአሲቲሊን 25፣ ለኢቴን ደግሞ 50 ያህል ነው። ቁጥሩ በሎጋሪዝም የሚለካ ስለሆነ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 በኋላ 25 ዜሮ ያለው ቁጥር ያህል እጥፍ ነው። ስለዚህ ተስማሚ ቤዝ ሲገኝ ሃይድሮጅኑ ይነሳና በቦታው ሊቲየም፣ ማግኒዥየም፣ መዳብ ወይም ዚንክ ሊገባ ይችላል።

አሲቲሊን ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ጋዝ አይደለም። ብየዳ ቤቶች የሚጠቀሙበት ካርባይድ፣ ማለትም ካልሲየም ካርባይድ፣ ውሃ ሲነካው አሲቲሊን ይለቃል። ይህን ለውጥ ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ቮለር በ1862 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። አልካይኖች በዕፅዋትም ውስጥ ይገኛሉ። አደይ አበባ የሚመደብበት የባይደንስ ወገን ዕፅዋት ብዙ ሦስት እጥፍ ትስስሮች የተደረደሩባቸው ፖሊአሲቲሊን የተባሉ ውህዶችን በማመንጨት ይታወቃል። በመድኃኒት ዘርፍም ለጭርት የሚሰጠው ቴርቢናፊን፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ኢቶኖጀስትሬልና በድንገተኛ የወሊድ መከላከያ ውስጥ ያለው ሌቮኖርጀስትሬል ሁሉም የአልካይን ክፍል አላቸው።

ዚንክ ለምን ይመረጣል

ዚንክ ርካሽና በብዛት የሚገኝ ብረት ነው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚለበጠውም በዚሁ ንጥረ ነገር ነው። በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ግን ተፈላጊ ያደረገው ዋጋው ብቻ ሳይሆን ጠባዩ ነው።

አንድ ብረት ከካርቦን ጋር ሲተሳሰር ኤሌክትሮኖቹ ወደ ካርቦኑ ይሳባሉ። ምን ያህል እንደሚሳቡ የሚወስነው በሁለቱ የኤሌክትሮን ስበት መካከል ያለው ልዩነት ነው። በፖሊንግ መለኪያ የካርቦን ስበት 2.55፣ የሊቲየም 0.98፣ የማግኒዥየም 1.31፣ የዚንክ ደግሞ 1.65 ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ ካርቦኑ የበለጠ አሉታዊ ሙላት ይይዛል፤ ያገኘውንም ሁሉ ያጠቃል። የሊቲየም ውህዶች ፈጣንና ኃይለኛ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ኃይል ግን አንዳንዴ ጉዳት አለው። በሞለኪውሉ ላይ ሌሎች ተቀያያሪ ክፍሎች ካሉ ሊቲየሙ እነሱንም ሊያበላሽ ይችላል። ለውጡን ለመቆጣጠር ሲባልም ሥራው ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ቅዝቃዜ ይከናወናል።

የዚንክና የካርቦን ትስስር ከሊቲየሙ ያነሰ ዋልታዊ ስለሆነ አልካይኒል ዚንክ ረጋ ያለ ነው። ኤስተርንና ናይትራይልን የመሳሰሉ ክፍሎች ሳይነኩ ሥራውን ሊሠራ ይችላል፤ ብዙዎቹ ለውጦችም በክፍል ሙቀት ይካሄዳሉ። ደረቅ በረዶ ወይም ፈሳሽ ናይትሮጅን በቀላሉ በማይገኝበት ቤተ ሙከራ ይህ ልዩነት ሙከራው መሠራት አለመሠራቱን የሚወስን ሊሆን ይችላል።

ታሪክ

እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ፍራንክላንድ በ1849 እ.ኤ.አ. ዳይኤቲልዚንክን አስተዋወቀ። ይህ ውህድ ብረትና ካርቦን በቀጥታ የሚተሳሰሩበት ኬሚስትሪ መነሻ ከሆኑት አንዱ ነው። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1863 እ.ኤ.አ.፣ ፈረንሳዊው ሻርል ፍሪደልና አሜሪካዊው ጄምስ ክራፍትስ ዳይኤቲልዚንክን ከሲሊኮን ቴትራክሎራይድ ጋር አዋህደው ቴትራኤቲልሲሌንን ሠሩ። ይህም ካርቦንና ሲሊኮን በቀጥታ የተሳሰሩበት የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ውህድ ነው። ስለዚህ የኦርጋኖሲሊኮን ኬሚስትሪ ራሱ የተጀመረው በዚንክ ነው ማለት ይቻላል።

በ1900 እ.ኤ.አ. ቪክቶር ግሪኛር የማግኒዥየም ውህዶችን ሲያስተዋውቅ ዚንክ ለብዙ አሥርት ዓመታት ወደ ጎን ተባለ። የማግኒዥየሙ ዘዴ ለአሠራር የሚቀልና ፈጣን ነበር። ዚንክ ተመልሶ ትኩረት ያገኘው የኬሚስቶች ጥያቄ ከፍጥነት ወደ ምርጫ ሲሸጋገር ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ኤኢቺ ኔጊሺና ባልደረቦቹ አልካይኒል ዚንክን በፓላዲየም አማካኝነት ከሌሎች የካርቦን ውህዶች ጋር የማጋጠም ዘዴ አቀረቡ። ኔጊሺ ለዚህ ዓይነት ሥራው ከሪቻርድ ሄክና ከአኪራ ሱዙኪ ጋር የ2010 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኤሪክ ካሬራ ቡድን ዚንክ ትራይፍሌት የተባለውን ጨው፣ አሚንና ኤንሜቲልኤፌድሪንን በመጠቀም ተርሚናል አልካይንን በክፍል ሙቀት ከአልዲሃይድ ጋር የማያያዝ ዘዴ አሳተመ።

ሲሊኮን ያዘሉ አልካይኖች

በአልካይኑ ጫፍ ላይ በሃይድሮጅኑ ምትክ ሲሊኮን ሲገባ ውህዱ ሲሊልአልካይን ይባላል። እዚህ የተጠቀሰው ሲሊኮን በአሸዋ ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገር እንጂ ለቧንቧ ማሸጊያ የሚውለው ለስላሳ ፕላስቲክ መሰል ነገር አይደለም።

ሲሊኮኑ የሚገባው በዋናነት የአልካይኑን ጫፍ ለጊዜው ለመሸፈን ነው። ባዶው ጫፍ አሲዳማ ስለሆነ በሌሎች የሥራ ደረጃዎች ላይ ጣልቃ ይገባል። ሲሊኮኑ እንደ ቆብ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ሥራው ሲያበቃም ይነሳል። ሌላው ጥቅም ለአያያዝ መመቸቱ ነው። አሲቲሊን ጋዝ ሲሆን ሲጨመቅ ሊፈነዳ ይችላል። አንድ ጫፉ በትራይሜቲልሲሊል ሲሸፈን ግን በ53 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚፈላ፣ በጠርሙስ የሚቀመጥና በመርፌ የሚለካ ፈሳሽ ይሆናል።

በተለመደው ዘዴ ተርሚናል አልካይኑ ከቡቲልሊቲየም ጋር በከፍተኛ ቅዝቃዜ ተዋህዶ ክሎሮሲሌን ይጨመርበታል። በዚንክ የሚሠሩት አማራጮች ይህን ኃይለኛ ቤዝ ያስቀራሉ። ከእነዚህ ሁለቱ የሚከተሉት ናቸው።

1. በዚንክ ዱቄት፦ በ1995 እ.ኤ.አ. የጃፓን ኬሚስቶች የዚንክ ዱቄት ባለበት ተርሚናል አልካይንንና ክሎሮሲሌንን በአንድ ደረጃ በማሞቅ ሲሊልአልካይን ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ። ዘዴው ሙቀት ይፈልጋል፤ ነገር ግን ዚንኩ ተራ ዱቄት ነው።

2. በዚንክ ጨው፦ በ2008 እ.ኤ.አ. ሮናልድ ራሄምና ጃሬድ ሾው ጥቂት ዚንክ ትራይፍሌት ብቻ በካታሊስትነት የሚጠቀም ዘዴ አቀረቡ። ለውጡ በቃል ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

ተርሚናል አልካይን + ትራይሜቲልሲሊል ትራይፍሌት + ትራይኤቲልአሚን → ሲሊልአልካይን + የአሚን ጨው

በሁለተኛው ዘዴ የዚንክ ሚና በደረጃ ሊታይ ይችላል። መጀመሪያ ዚንኩ ሦስት እጥፍ ትስስሩ ላይ ይጠጋና ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ይስባል። በዚህ ምክንያት የጫፉ ሃይድሮጅን ከቀድሞው ይበልጥ አሲዳማ ይሆናል። ብቻውን ቢሆን ሃይድሮጅኑን ማንሳት የማይችለው ደካማው አሚን አሁን ያነሳዋል፤ አልካይኒል ዚንክም ይፈጠራል። ከዚያ የአልካይኑ ካርቦን ከሲሊኮኑ ጋር ይተሳሰራል። ዚንኩ እንደገና ነፃ ወጥቶ ወደ ሌላ ሞለኪውል ያልፋል። አንድ የዚንክ አቶም ብዙ ሞለኪውሎችን ማገልገል የሚችለው በዚህ ዑደት ነው።

የሲሊኮኑ ቆብ የሚነሳው እንደ ዓይነቱ ነው። አነስተኛው ትራይሜቲልሲሊል በሜታኖል ውስጥ ባለ ፖታሲየም ካርቦኔት በቀላሉ ይነሳል። ትልቁ ትራይአይሶፕሮፒልሲሊል ግን ይህን ይቋቋማል፤ እሱን ለማንሳት የፍሎራይድ ጨው ያስፈልጋል። ፍሎራይድ ከሲሊኮን ጋር በጣም ጠንካራ ትስስር ስለሚፈጥር ቆቡን ነቅሎ ይወስደዋል። ይህ ልዩነት ሁለት ጫፎች ያሉትን ሞለኪውል አንዱን ዘግቶ ሌላውን ለመክፈት ያገለግላል።

አንዳንድ ጊዜ ሲሊኮኑ ሳይነሳ ይቀራል። በ2001 እ.ኤ.አ. በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የጆን አንቶኒ ቡድን ፔንታሲን በተባለ ሞለኪውል ላይ ሁለት ሲሊልአልካይኖችን አያያዘ። በማሟሚያ ለመሟሟት ያስቸግር የነበረው ፔንታሲን ከዚያ በኋላ እንደ ቀለም ሊቀባ የሚችል ኦርጋኒክ ሴሚኮንዳክተር ሆነ፤ ተጣጣፊ ትራንዚስተሮችን ለመሥራትም ጥናት ላይ ውሏል።

ኤፋቪሬንዝ

ኤፋቪሬንዝ ኤችአይቪ የራሱን አር ኤን ኤ ወደ ዲ ኤን ኤ የሚገለብጥበትን ኢንዛይም የሚያሰናክል መድኃኒት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመስከረም ወር 1998 እ.ኤ.አ. አጽድቆታል። ሞለኪውሉ 14 ካርቦን፣ 9 ሃይድሮጅን፣ 1 ክሎሪን፣ 3 ፍሎሪን፣ 1 ናይትሮጅንና 2 ኦክስጅን አለው። ከኢንዛይሙ ኪስ ውስጥ ከሚገቡት ክፍሎቹ አንዱ ሳይክሎፕሮፒልአሲቲሊን የተባለው አልካይን ነው።

ሞለኪውሉ እንደ ግራና ቀኝ እጅ በሁለት መልክ ሊኖር ይችላል። ሁለቱ በመስተዋት ውስጥ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ሲደራረቡ ግን አይገጣጠሙም። መድኃኒት ሆኖ የሚሰጠው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው። መልኩ የሚወሰነው አልካይኑ ከኪቶኑ ካርቦን ጋር በሚያያዝበት ቅጽበት ነው። አልካይኑ ከአንዱ ጎን ቢመጣ የሚፈለገው፣ ከሌላው ጎን ቢመጣ የማይፈለገው ይገኛል። ምንም መሪ ከሌለ ውጤቱ እኩል በእኩል ይሆናል፤ ግማሹ ምርትም ይባክናል።

የመርክ ኩባንያ ኬሚስቶች በመጀመሪያ የሊቲየም ውህዶችን ተጠቀሙ። ለአቅጣጫ መሪነት የመረጡት ከኖርኤፌድሪን የተሠራ አሚኖ አልኮል ነበር። ኖርኤፌድሪን ከካቲኖንና ከካቲን ጋር በጫት ቅጠል ውስጥ የሚገኝ ውህድ ነው፤ ለኢንዱስትሪ የሚውለው ግን በኬሚካል ፋብሪካ የሚመረት ነው። ዘዴው ከፍተኛ ንጽሕና ያለው ምርት ቢሰጥም ሥራው ከዜሮ በታች 55 ዲግሪ ገደማ መካሄድ ነበረበት። በናይትሮጅኑ ላይም መጀመሪያ መሸፈኛ ማድረግ፣ በኋላ ደግሞ ማንሳት ያስፈልግ ነበር።

በ1999 እ.ኤ.አ. የዚያው ኩባንያ ተመራማሪዎች በሊቲየሙ ፋንታ ዚንክን የሚጠቀም መንገድ አሳተሙ። የዚንክ አልካይል፣ ያው አሚኖ አልኮልና አንድ ረዳት አልኮል ተዋህደው ዚንክ ያለበት መሪ ውህድ ይሠራሉ። አልካይኑ ከዚህ ጋር ሆኖ ኪቶኑን ከአንድ ጎን ብቻ ያጠቃል። ለውጡ በክፍል ሙቀት አካባቢ ይካሄዳል፤ የናይትሮጅን መሸፈኛም አያስፈልግም። የሚፈለገው መልክ ከሌላው ያለው ብልጫ ከ99 በመቶ በላይ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የካሬራ ቡድን ምርቱ ራሱ ለቀጣዩ ለውጥ አጋዥ እንዲሆን በማድረግ የሚያስፈልገውን የዚንክና የመሪ ውህድ መጠን ቀነሰ።

የእነዚህ ማሻሻያዎች ክብደት በስሌት ይታያል። የተለመደው መጠን በቀን 600 ሚሊግራም ስለነበረ አንድ ታካሚ በዓመት 219 ግራም ኤፋቪሬንዝ ይወስዳል። ለ1000 ታካሚዎች 219 ኪሎግራም ነው። ከቴኖፎቪርና ከላሚቩዲን ጋር በአንድ እንክብል ሲቀርብ፣ እነሱ እያንዳንዳቸው 300 ሚሊግራም ስለሆኑ፣ ከመድኃኒቱ ክብደት ግማሹ ኤፋቪሬንዝ ነው። ስለዚህ በፋብሪካ የሚቀነስ አንድ የሥራ ደረጃ በብዙ ቶን ላይ ይባዛል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው ኢንኮር 1 የተባለ ጥናት 400 ሚሊግራም ከ600 የማያንስ ውጤት እንደሚሰጥ ሲያሳይ የዓመቱ ፍጆታ ለአንድ ሰው ወደ 146 ግራም ሊወርድ እንደሚችል ታወቀ።

በኢትዮጵያና በጋምቤላ

በኢትዮጵያ ነፃ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና የተጀመረው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ኤፋቪሬንዝ በአንድ ላይ ተመራጭ የመጀመሪያ መስመር ሕክምና እንዲሆኑ መከረ፤ ኢትዮጵያም ይህንኑ ተከተለች። በቀን አንድ እንክብል ብቻ መሆኑ ለታካሚውም ለጤና ጣቢያውም ሥራውን አቀለለ። ኤፋቪሬንዝ ከሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ጋር አብሮ ሊሰጥ መቻሉም ሁለቱ በሽታዎች በሚደራረቡበት አገር ትልቅ ጥቅም ነበር።

የጋምቤላ ክልል በዚህ ታሪክ ውስጥ የተለየ ቦታ አለው። በ2011 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች መካከል የኤችአይቪ ሥርጭት በአገር አቀፍ ደረጃ 1.5 በመቶ ሲሆን በጋምቤላ 6.5 በመቶ ነበር። በ2016ቱ ዳሰሳ አገር አቀፉ ወደ 0.9 በመቶ፣ የጋምቤላው ወደ 4.8 በመቶ ወርዷል። ሁለቱም ቢቀንሱ ጋምቤላ ከአገር አቀፉ አምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ቀርቷል፤ 3.4 በመቶ የተመዘገበባት አዲስ አበባም ከእሱ በታች ናት።

ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ በባሮ ወንዝ አካባቢ የሚገኘው የኢታንግ ልዩ ወረዳ የአኙዋ፣ የኑዌርና የኦፖ ሕዝቦች መኖሪያ ነው። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የኩሌና የቲርኪዲ መጠለያ ጣቢያዎች የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ያስተናግዱበታል። በክረምት ባሮ ሲሞላ ጎርፍ መንደሮችን ያፈናቅላል፤ መንገዶችንም ይቆርጣል። በእንዲህ ያለ አካባቢ መድኃኒት ሳይቋረጥ መድረሱ ከመድኃኒቱ ጥራት እኩል ወሳኝ ነው።

ይህ በተለይ ለኤፋቪሬንዝ እውነት የሆነበት ምክንያት አለ። ኤፋቪሬንዝ ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ነው። በተከታታይ ሲወሰድ በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንሰው ከ40 እስከ 55 ሰዓት ውስጥ ነው። ላሚቩዲን በደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው ግን ከ5 እስከ 7 ሰዓት ውስጥ ነው። እንክብሉ በድንገት ሲቋረጥ አጋሮቹ ቀድመው ይዳከሙና ኤፋቪሬንዝ ለቀናት ብቻውን ይቀራል። ቫይረሱም አንድ መድኃኒት ብቻ ሲያጋጥመው የመላመድ ዕድል ያገኛል። ለኤፋቪሬንዝ ይህ አደጋ ከባድ ነው፤ በኢንዛይሙ 103ኛ ቦታ ላይ የሚከሰት አንድ ለውጥ ብቻውን መድኃኒቱን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ይችላል።

የመድኃኒቱ ባሕርይ ከሰው ሰውም ይለያያል። ኤፋቪሬንዝን በጉበት የሚያስወግደው ኢንዛይም እንደ ዘረመል ስለሚለያይ፣ አንዳንድ ሰዎች ተመሳሳይ መጠን ወስደው በደማቸው ውስጥ ብዙ ይከማቻል። ማዞርና ግልጽ የሆኑ ሕልሞች የታወቁ ጎጂ ውጤቶቹ ናቸው፤ በመኝታ ሰዓት እንዲወሰድ የሚመከረውም ለዚህ ነው። በስዊድን ካሮሊንስካ ተቋም የሚሠሩት ትውልደ ኢትዮጵያዊት ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ የተሳተፉበትና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የኢትዮጵያና የታንዛኒያ ታካሚዎችን አነጻጽሮ፣ በተመሳሳይ መጠን የታንዛኒያውያኑ የደም ክምችት ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል።

በ2019 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ዶሉቴግራቪርን በኤፋቪሬንዝ ምትክ ተመራጭ አደረገ። ኢትዮጵያም ወደዚሁ ተሸጋግራለች። ዶሉቴግራቪር ቫይረሱን በፍጥነት ይቀንሳል፤ ቫይረሱ በቀላሉ አይላመደውም። በሞለኪውሉ ውስጥ አልካይን የለም። ኤፋቪሬንዝ ግን በአማራጭነት ቆይቷል።

ደኅንነት

የአልካይኒል ዚንክ መነሻ የሆኑት ዳይኤቲልዚንክና ዳይሜቲልዚንክ አየር ሲነካቸው በራሳቸው ይቀጣጠላሉ፤ ከውሃ ጋርም በኃይል ይዋሃዳሉ። ስለዚህ የሚሠራባቸው በናይትሮጅን ወይም በአርጎን ጋዝ ሥር ነው። ዚንክ ትራይፍሌትና የዚንክ ዱቄት ከእነዚህ ይልቅ ለአያያዝ የተሻሉ ናቸው፤ ዱቄቱም ቢሆን ከእሳትና ከእርጥበት መራቅ አለበት። ትራይሜቲልሲሊልአሲቲሊን በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ነው። ክሎሮሲሌኖች እርጥበት ሲያገኙ ዓይንንና ሳንባን የሚያቃጥል የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይለቃሉ።

ደግሞ ይዩ

አሲቲሊን
ዚንክ
ሲሊኮን
ኤችአይቪ
ጋምቤላ ክልል
ኢታንግ